ሰፈርን በእንግሊዝኛ ማስረዳት፦ ከግቢ በር እስከ ግልገል ጊቤ

ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ‹ላይትሃውስ› ምንድን ነው?» አለችኝ። ባሕር ዳር ቆሞ ለመርከብ መንገድ የሚያሳይ የመብራት ማማ ነው አልኳት። ጻፈች። ቀጥሎ ‹ካስል› መጣ፣ ከዚያ ‹ባርን›። ሁሉንም ጻፈች። በመሃል ዝናቡ በረታና የበረንዳው አሸንዳ ሞልቶ ደብተሯ ላይ ይንጠባጠብ ጀመር። «እስኪ ይሄን በእንግሊዝኛ ምን ይሉታል?» ብዬ ወደ አሸንዳው ጠቆምኩ። ዝም። የቤቱን በርስ? «ዶር።» የግቢውንስ? «ዶር።»

በእሷ አልፈርድም። መርከብ በማያውቅ ከተማ የመርከብ መብራት ይሸመደዳል፣ ራሳችን ላይ የሚያንጠባጥበው አሸንዳ ግን ስም የለውም። (‹ገተር› ነው።) መጽሐፉን ዘግተን ጅማን መዞር ጀመርን። ሁለት ሳምንት ገደማ ፈጀብን። ያደረግነውን በቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ፣ እናንተም በየሰፈራችሁ ሞክሩት። የሚያስፈልገው ደብተር፣ እስክሪብቶና ጃንጥላ ነው። ወሩ ሐምሌ ከሆነ ቦቲ ጫማ ጨምሩበት።

1. አንዲት ዓረፍተ ነገር ያዙ

ቃል ከመሰብሰባችሁ በፊት ቃሉን የምትሰቅሉበት ሚስማር ያስፈልጋችኋል። ሚስማሩ ይሄ ነው፦ «ኢት ኢዝ ኧ ቢልዲንግ ዌር ፒፕል...»። ሰዎች እንዲህ የሚያደርጉበት ሕንፃ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግስ ብቻ መቀያየር ነው። ቤተ መጻሕፍት ከሆነ «ሪድ ኤንድ ቦሮው ቡክስ»፣ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ከሆነ «ፕሬይ»፣ ክሊኒክ ከሆነ «ሲ ኧ ዶክተር»። የግሱ እንግሊዝኛ ከጠፋባችሁ ቀለል ያለ ግስ ፈልጉ። ፍርድ ቤትን ለማስረዳት የሕግ ቃል አያስፈልግም፣ «ኧ ጀጅ ሊስንስ ኤንድ ዲሳይድስ» በቂ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለዩ። ‹ቢልዲንግ› የሚባለው ጣሪያና ግድግዳ ኖሮት ውስጡ የሚገባበት ነው። ድልድይ፣ ግድብ፣ አጥር፣ የስልክ ማማ ሰው ሠርቷቸዋል ግን ሕንፃ አይደሉም። እነሱ ‹ስትራክቸር› ናቸው። መናኸሪያና ገበያ ደግሞ ሜዳውም አጥሩም ጫጫታውም አንድ ላይ ስለሆነ «ኢት ኢዝ ኧ ፕሌስ ዌር...» ብላችሁ ብትጀምሩ ይሻላል። ግራ ከገባችሁ ‹ፕሌስ› በሉ፣ ‹ፕሌስ› ሁሉንም ያስተናግዳል።

2. ከራሳችሁ ግቢ ጀምሩ

ብዙ ጊዜ የወሰደብን ይሄኛው ነው። ሊወስድም ይገባል። አማርኛና እንግሊዝኛ ቤትን የሚከፋፍሉበት መንገድ አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ እኛ አንድ ቃል ያለንን እነሱ ለሁለት ሰንጥቀውታል፣ አንዳንዴ ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው።

ውጭ ቁሙ። የግቢው በር ‹ጌት› ነው፣ የቤቱ በር ‹ዶር›። አጥሩ ከእንጨት፣ ከቆርቆሮ ወይም ከሽቦ ከሆነ ‹ፌንስ› ይባላል። ከድንጋይ ወይም ከብሎኬት ከተሠራ ግን አጥርም ቢሆን ‹ዎል› ነው። የቤቱ ግድግዳም ‹ዎል› ነው። ግቢው ራሱ ‹ኮምፓውንድ›።

አሁን ወደ ላይ ተመልከቱ። ጣሪያ ስንል ብዙ ጊዜ ሁለቱንም እንቀላቅላለን። ከውጭ ዝናብ የሚመታው ‹ሩፍ› ነው። አልጋችሁ ላይ ተጋድማችሁ የምታዩት ‹ሲሊንግ› ነው፣ እኛ ኮርኒስ የምንለው። ኮርኒስን ከጣሊያን የወሰድነው ነው። እንግሊዝኛም ‹ኮርኒስ› የሚል ቃል አለው፣ ትርጉሙ ግን ግድግዳው ጫፍ ላይ የሚዞር ጌጥ ነው። ስለዚህ «ማይ ኮርኒስ ኢዝ ሊኪንግ» ብትሉ የሚሰማችሁ ሰው ጌጥ እንዴት ያፈሳል ብሎ ግራ ይጋባል። «ዘ ሩፍ ኢዝ ሊኪንግ» በሉ። ክረምት ላይ በየቤቱ የምትፈለግ ዓረፍተ ነገር ናት።

ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ‹ኮረጌትድ አይረን› ይባላል። አፍ ላይ ይከብዳል። ‹ቲን ሩፍ› ብትሉም ያስኬዳል። ከጣሪያው ጠርዝ ውሃውን ሰብስቦ የሚያወርደው አሸንዳ ‹ገተር› እንደሆነ ቅድም አይተናል። በረንዳው ‹ቬራንዳ› ነው። ፎቅ ላይ ሆኖ ወደ ውጭ ከወጣ ግን ‹ባልኮኒ›።

ወለሉ ‹ፍሎር› ነው። ደረጃ ‹ስቴርስ›፣ በር ላይ ያሉት ሁለት ሦስት ብቻ ከሆኑ ‹ስቴፕስ›፣ ተሸክማችሁ የምታዞሩት መሰላል ደግሞ ‹ላደር›። ሦስቱን አታምታቱ።

ቤቱ ከምን እንደተሠራ ለመናገር «ኢት ኢዝ ሜድ ኦቭ...» በሉ። ጭቃ ቤትን ማስረዳት እኔ በጣም የምወደው ልምምድ ነው፣ ምክንያቱም ሁላችንም ሲሠራ አይተናል፣ ጭቃ ሲረገጥ እግራችንን አስገብተናል። ልጅቷ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ኢት ኢዝ ሜድ ኦቭ ውድ ኤንድ መድ። ፈርስት ዌ ፑት ፖልስ ኢን ዘ ግራውንድ። ዜን ዌ ሚክስ መድ ኤንድ ስትሮው። ዌ ፑት ዘ መድ ኦን ዘ ውድ።» ቋሚው ‹ፖል› ሆነ፣ ጭዱ ‹ስትሮው› ሆነ። ጭቃው ለምን እንዲቦካ እንደሚተው ጠየቅኳት፣ በአማርኛ መለሰችልኝ፣ እንግሊዝኛውን ለሌላ ቀን አቆየነው። በነገራችን ላይ ይሄ አሠራር በእንግሊዝኛም የራሱ ስም አለው። ‹ዋትል ኤንድ ዶብ› ይሉታል። የእንግሊዝ የድሮ ቤቶችም ብዙዎቹ በእንጨት፣ በጭቃና በጭድ የተመረጉ ነበሩ። ስለዚህ ጭቃ ቤታችሁን በእንግሊዝኛ ስታስረዱ አንገታችሁን አትድፉ።

ግንባታ ላይ ያለ ቤት ካያችሁ አናጺውን ወይም ግንበኛውን ጠይቁ። ፌሮ፣ አርማታ፣ ሶሌታ፣ ሊሾ ይላችኋል። አብዛኛው የጣሊያን ርዝራዥ ነው። እንግሊዝኛቸው ሌላ ነው፦ ፌሮ ‹ሪባር›፣ አርማታ ‹ሪኢንፎርስድ ኮንክሪት›፣ ሶሌታ ‹ስላብ›። ሊሾን «ስሙዝ ሲመንት ፍሎር» ብላችሁ ብታብራሩት ይበቃል።

የመጨረሻዋ ደግሞ ‹ሃውስ› እና ‹ሆም› ናት። ‹ሃውስ› ግድግዳና ጣሪያው ነው። ‹ሆም› የምትገቡበት፣ የእናንተ የሆነው ነው። «አይ አም ጎይንግ ሆም» ሲባል ‹ቱ› አይገባም። ይህችን ስህተት እኔም ለዓመታት ስሠራት ኖሬያለሁ።

3. እንግሊዝኛ የሚመስሉትን ቃላት ተጠራጠሩ

እንደው ከሁሉም በላይ የሚያዋርዱን የማናውቃቸው ቃላት አይደሉም። የምናውቃቸው የሚመስሉን ናቸው።

አንድ ጊዜ ቡና ልታይ የመጣች እንግዳ ርካሽ ማደሪያ ጠየቀችኝ። እኔም በልበ ሙሉነት «ዜር ኢዝ ኧ ጉድ ፔንሽን ኒር ዘ መናኸሪያ» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝ። ለካ በእሷ ጆሮ «መናኸሪያው አጠገብ ጥሩ ጡረታ አለ» ብያለሁ። ፔንሲዮን በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ማደሪያ ነው፣ አብዛኛው እንግሊዝኛ ተናጋሪ ግን ‹ፔንሽን› ሲባል የሚመጣለት የጡረታ ገንዘብ ነው። ‹ጌስትሃውስ› ማለት ነበረብኝ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበላቸው። ሰርቪስ ቤት ለእኛ ከኋላ ያለችው ትንሽ ቤት ናት። በእንግሊዝኛ ‹ሰርቪስ› አገልግሎት እንጂ ቤት አይደለም። «ኧ ስሞል ሃውስ ቢሃይንድ ዘ ሜይን ሃውስ» በሉ። ሆቴል ለእኛ ምሳ የሚበላበትም ነው፣ ለእነሱ ማደሪያ ነው፣ ምግብ ብቻ ካለው ‹ሬስቶራንት›። ቪላ እኛ ዘንድ ፎቅ የሌለው ራሱን የቻለ ቤት ነው። በእንግሊዝኛ ግን የሀብታም መዝናኛ ቤት ይመስላል፣ ስለዚህ «አይ ሊቭ ኢን ኧ ቪላ» ስትሉ ሰው ገንዘብ እንዲበደራችሁ እያመቻቻችሁ ነው። ስቴሽነሪ ሱቁ አይደለም፣ ሱቁ ውስጥ ያለው ደብተርና እስክሪብቶ ነው። ‹ሾፕ› ጨምሩበት። ስቶር እኛ ዕቃ የምናጉርበት ክፍል ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ግን ሱቅ ነው። ዕቃ ማጎሪያዋን ‹ስቶርሩም› በሏት።

ቡና ቤት ደግሞ ጅማ ላይ ሲሆን የባሰ ነው። ቡና አገር ነንና እንግዳው ቡና ሊጠጣ ‹ኮፊ ሃውስ› ሲጠይቃችሁ ቃል በቃል ተርጉማችሁ ቡና ቤት ብታስገቡት ቢራ ይቀርብለታል። የእኛ ቡና ቤት ‹ባር› ነው። ቡናው ያለው ‹ካፌ› ውስጥ ነው፣ ጥሩው ቡና ደግሞ የሰው ቤት ረከቦት ላይ።

በአጠቃላይ ‹ቤት› የሚለውን ቃል ስታዩ ቆም በሉ። ፖስታ ቤት ‹ፖስት ኦፊስ› ነው፣ ፍርድ ቤት ‹ኮርት›፣ ማድ ቤት ‹ኪችን›፣ ፀጉር ቤት ‹ባርበር ሾፕ› ወይም ‹ሄር ሳሎን›። አንዳቸውም ላይ ‹ሃውስ› የለም። የሚገርመው፣ እኛ ‹ቤት› የሌለበትን መጋዘን እነሱ ‹ዌርሃውስ› ይሉታል። ልጅቷ ይህን ስትሰማ «‹ዌር ሃውስ?› ቤቱ የት ነው እያሉ ነው?» ብላ ሳቀች። አይደለም፣ ይሄኛው ‹ዌር› ሸቀጥ ማለት ነው። መጋዘን ራሱ ከዓረብኛ ተነስቶ የዞረ ቃል ነው። እንግሊዞችም ያንኑ ቃል ወስደው ‹ማጋዚን› አሉት። መጀመሪያ የዕቃ ማከማቻ ነበር፣ በኋላ ላይ የወሬና የዕውቀት ማከማቻ ነው ብለው ለመጽሔት ሰጡት። በጅማ መንገዶች በቡና መጋዘን በር ስታልፉ ትዝ ይበላችሁ።

4. ፎቅ ቁጠሩ፣ ግን መጀመሪያ ተስማሙ

እኛ ጂ ፕላስ ፎር ስንል ከመሬቱ ቤት በላይ አራት ፎቅ ማለታችን ነው። ለእንግዳ ‹ጂ ፕላስ ፎር› ብትሉት ላይገባው ይችላል። ድምሩ አምስት ስለሆነ «ኧ ፋይቭ ስቶሪ ቢልዲንግ» በሉት። ‹ስቶሪ› እዚህ ላይ ተረት አይደለም፣ የፎቅ ደርብ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። እንግሊዞች እንደኛ ናቸው፣ የመሬቱን ‹ግራውንድ ፍሎር› ብለው ቀጣዩን ‹ፈርስት ፍሎር› ይሉታል። አሜሪካኖች ግን ከመሬቱ ጀምረው አንድ ብለው ይቆጥራሉ። አንዴ ከአሜሪካ የመጣች ሴት «ሰርድ ፍሎር» ላይ እንገናኝ አለችኝ። ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኳት፣ እሷ ከእግሬ ሥር ሁለተኛው ላይ ተቀምጣ እኔን ትጠብቃለች። ሊፍት አልነበረውም ደግሞ። (ሊፍት እንግሊዝ ውስጥ ‹ሊፍት› ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ‹ኤለቬተር›። አሳንሰር የሚሉ የድሮ ሰዎች ካሉ ቃሉ ከፈረንሳይኛ ነው።)

ምድር ቤትም ያምታታል። አንዳንዱ የመሬቱን ፎቅ ምድር ቤት ይለዋል፣ አንዳንዱ ከመሬት በታች ያለውን። ከመሬት በታች ከሆነ ‹ቤዝመንት› ነው። ለፎቅ ቁጥር ሁልጊዜ ‹ኦን› ተጠቀሙ፦ «ኦን ዘ ሰከንድ ፍሎር»። ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንደምንለው ነው፣ ቀላል ነው።

5. ራቅ ብላችሁ ትልልቆቹን ተመልከቱ

ግቢ ሲያልቅ ከተማ ውጡ። መጀመሪያ የአወይቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ቁሙ። እግረኛ እንዳትዘጉ፣ ለባጃጅም ተጠንቀቁ። «ኧ ብሪጅ ካሪስ ኧ ሮድ ኦቨር ኧ ሪቨር።» ድልድዩ መንገዱን ተሸክሞ ወንዙን ያሻግራል። ከላይ ያለው ‹ኦቨር›፣ ውሃው የሚያልፍበት ‹አንደር›፣ እናንተ የምትሻገሩት ‹አክሮስ›። ሦስቱን ቃላት ድልድይ ላይ ቆሞ እንደመማር የሚቀል የለም። በጣታችሁ እየጠቆማችሁ ጮክ ብላችሁ በሉት፣ የሚያያችሁ ሰው ይስቃል፣ ይሳቅ።

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ስትዘዋወሩ ‹ኦልድ› እና ‹ኒው›ን ተለማመዱ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሩን በያዘበት ጊዜ ጅማን የአንድ ትልቅ ግዛት ማዕከል አድርጓት ስለነበር የዚያ ዘመን ሕንፃዎች ዛሬም አሉ። እዚህ ጋ «ኢት ዎዝ ቢልት...» የምትለዋን ጀምሩ፣ «ተሠራ» ማለት ነው። ‹ቢልት› የ‹ቢልድ› ያለፈ ጊዜ ነው። ሲጻፍ መሃሉ ላይ አንድ የማይነበብ ፊደል አለ፣ ስትናገሩት እርሱት።

አንድ ቀን ደግሞ ሙሉውን ለጅሬን ስጡት። ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ባጃጅ ይወስዳችኋል፣ እግር ያለው በእግሩ ይወጣል። ዳግማዊ አባ ጅፋር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1878 እስከ 1932 የጅማ ንጉሥ ነበሩ፣ ቤተ መንግሥታቸው ኮረብታው ላይ ነው። በኦሮምኛ መሰራ አባ ጅፋር ይሉታል። በእንግሊዝኛ ‹ፓለስ› ነው፣ ‹ጋቨርንመንት ሃውስ› ብላችሁ ቃል በቃል እንዳትተረጉሙት። ‹ፓላስ› ብላችሁም አትሳቡት፣ ክብደቱ መጀመሪያው ላይ ነው። «ኧ ፓለስ ኢዝ ኧ ላርጅ ሃውስ ዌር ኧ ኪንግ ሊቭስ» ብላችሁ ጀምሩ። ንጉሡ አሁን ስለሌሉ ‹ሊቭስ› ወደ ‹ሊቭድ› ይቀየራል፦ «አባ ጅፋር ሊቭድ ሂር»። እንጨቱን፣ ፎቁን፣ በረንዳውን አይታችሁ ሁለተኛው ክፍል ላይ የተማራችሁትን ሁሉ እዚያው አውጡት፦ «ኢት ኢዝ ሜድ ኦቭ ውድ። ኢት ሃዝ ቱ ፍሎርስ። ኢት ሃዝ ኧ ቬራንዳ።» አጠገቡ ያለው መስጊድ ‹ሞስክ› ነው። የሁለቱም ቃላት አያት አንድ የዓረብኛ ቃል ነው፣ ብቻ የእንግሊዝኛው ብዙ አፍ ዞሮ ስለመጣ አይመስልም።

ግልገል ጊቤን ከመኪና ላይ ነው ያየነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ስትመጡ በስተመጨረሻ መንገዱ ዳር የሚታየው ሐይቅ የግድቡ ውሃ ነው። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ሲሆን በአውሮፓውያን 2004 ሥራ ጀመረ። «ኧ ዳም ኢዝ ኧ ስትሮንግ ዎል አክሮስ ኧ ሪቨር። ኢት ሆልድስ ባክ ዘ ዎተር።» ይሄኛው ሐይቅ ‹ሌክ› ሳይሆን ‹ሬዘርቯር› ነው፣ ምክንያቱም ሰው ነው ያጠራቀመው። ልጅቷ ቃሉን ሦስት ጊዜ አልቅሳበት ተወችው። እኔም ‹ሌክ› ብላ እንድታልፍ ፈቀድኩላት።

6. ‹ዘ› የምትባለውን ትንሽ ቃል አትናቋት

አጭር ናት። «ሺ ኢዝ አት ስኩል» ካላችሁ ተማሪ ናት፣ ትምህርት ላይ ናት። «ሺ ኢዝ አት ዘ ስኩል» ካላችሁ ሕንፃው ጋ ናት፣ ምናልባት ልጇን ልትወስድ ሄዳ ነው። «ሂ ኢዝ ኢን ፕሪዝን» ታስሯል ነው። «ሂ ኢዝ ኢን ዘ ፕሪዝን» ስንቅ ሊያደርስ ሄዶም ሊሆን ይችላል። ሆስፒታልም በእንግሊዞቹ አነጋገር እንዲሁ ነው፣ አሜሪካኖች ግን ታማሚውንም ቢሆን በ‹ዘ› ይሉታል። አንዲት ፊደል ሰውን ታሳስራለችና ተጠንቀቁ።

‹ካምፓስ›ም እዚህ ይግባ። ካምፓስ አንድ ሕንፃ አይደለም፣ ቅጥሩ በሙሉ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ አንድ ሆኖ ካምፓሱ ብዙ ነው፣ ዋናው አለ፣ የግብርናው አለ፣ የቴክኖሎጂው ኪቶ ፉርዲሳ ነው። «ኦን ካምፓስ» ሲባል ‹ዘ› የለም።

7. በእንቆቅልሽ ተፈታተኑ

ይህ ሁሉ ደብተር ላይ ከቀረ በሳምንቱ ይተናል። ስለዚህ ማታ ማታ እንቆቅልሽ ተጫወቱበት። ሕጉ ቀላል ነው፦ የሕንፃውን ስም ሳይጠሩ በሦስት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት፣ የመጀመሪያው ምን እንደሆነ፣ ሁለተኛው ከምን እንደተሠራ፣ ሦስተኛው ሰው ምን እንደሚያደርግበት። ያላወቀ አገር ይሰጣል፣ እንደ ድሮው። ለጀማሪ ቀላል ቀላሉን ስጡት። በር፣ ድልድይ፣ ባንክ።

በመጨረሻው ቀን ልጅቷ እኔን ያዘችኝ። «እንቆቅልሽ» አለች። «ምን አውቅልሽ» አልኩ።

«ኢት ኢዝ ኧ ቤድ። ኢት ኢዝ ሜድ ኦቭ ውድ ኤንድ ዋየር። በት ኖባዲ ስሊፕስ ኦን ኢት።»

የእንጨትና የሽቦ አልጋ፣ ግን ማንም አይተኛበትም። ሆስፒታል አልኩ፣ የተሰበረ አልጋ አልኩ፣ የሙት አልጋ አልኩ፣ አማረረችኝ። ቡና ማድረቂያው ነው ለካ። አጎቷ ጓሮ እሸት ቡና የሚሰጣበት አልጋ። በእንግሊዝኛም እውነት ‹ድራይንግ ቤድ› ነው የሚባለው፣ ይህን አጣርቼላት ነው ያመነችው።

«አገር ይስጡኝ» አለች።

ጅማን ሰጠሁሽ አልኳት።

«ጅማማ የራሴ ናት ጋሼ፣ ሌላ ይስጡኝ።»